የዝግባ እርሾ

ባለፈው የካቲት ናዝሬት ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ አንድ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«አቦ፣ አፈር የቆላው ሰውዬ አንተ ነህ?» አለኝ።

የልጅ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ «አንተ» ሲለኝ አልወድም። የዚህኛው አነጋገር ግን የሐረርጌ ስለሆነ አለፍኩት። ደግሞስ ምን ልበለው? አፈር የቆላሁት እኔ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

«ማን ሞተ?» አልኩት። በኔ ዕድሜ ሰው ከሩቅ ፈልጎ ሲመጣ ሌላ ነገር አይጠየቅም።

«አዴ ኬሪያ። ትናንት ቀበርናት። ልጇ ሰኢዳ ናት ‹ፈልገህ ንገረው› ያለችኝ።»

ይህን ብሎ ሄደ፤ የጫነው ጫት አይጠብቅም። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። አለቀስኩ ብል እዋሻለሁ። ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ እፍረት ነው።

አዴ ማለት እናት እንደማለት ነው እንጂ አዴ ኬሪያ ዘመዴ አይደለችም። በደርግ ጊዜ፣ ከትልቁ ድርቅ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ አሰበ ተፈሪ በነበረው ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ነበረች። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን ከተማ ያኔ እንዲያ ነበር የምንላት። እኔ ከኮሌጅ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ የጣቢያው ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። አለቃዋ ነበርኩ ማለት ነው፤ ይህን ስል ዛሬም ይስቀኛል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ሸፍኜ ቢሮው ግድግዳ ላይ በሚስማር መታሁት። ገብታ አየችው፣ ጠጋ ብላ አሸተተችው፣ «ሀዬ»፣ እሺ እንደማለት፣ ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዲፕሎማ ሆነ።

ያገኘችውን ሁሉ ታሸትት ነበር። አፈር፣ ዘር፣ ቅጠል፣ የሰው እጅ። አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ሃምሳ ዓመት ግድም የሆናት ሴት ናት። የችግኝ መደብ ውስጥ ጣቷን ከመክተቷ በፊት «ቢስሚላሂ» ትላለች። ስትናደድ የግራ እጇን ጀርባ በቀኟ ጠብ ጠብ ታደርጋለች እንጂ አትናገርም። አማርኛዋን የለቀመችው ከገበያ ነው፤ ለሷ ሴቱም ወንዱም ሹሙም «አንተ» ነው። መጀመሪያ ሰሞን «አንቱ» ስላት ወደ ኋላዋ ዞር ዞር ብላ አየችና «ስንት ሰው አየህ?» አለችኝ። ተውኩት። ዛሬም ስለሷ ሳወራ «እሳቸው» ማለት አፌ እምቢ ይለኛል። ይቅር ትበለኝ።

ደግሞ አትዋሽም ነበር። ሰው አይዋሽም ሲባል ብዙ ጊዜ ትልልቁን አይዋሽም ማለት ነው። አዴ ኬሪያ ትንንሹንም፣ ለይሉኝታ የሚባለውን እንኳ አትዋሽም። አንድ ቀን ፍየል አጥር ጥሳ ገብታ ችግኝ በላች። ዘበኛችን ጋሽ ዘለቀ፣ ተረት የማያልቅባቸው አዛውንት ናቸው፣ «ዓይኔን አልከደንኩም፤ ኬሪያ ትመስክር» አሉ። «ተኝቷል» አለች ኬሪያ። «ግን ቆንጆ እንቅልፍ ነው፣ መቀስቀስ አሳዘነኝ።» እኔም አንዴ ሠራተኛውን ሰብስቤ ስለ ተፈጥሮ ሀብት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩና፣ መቼም ወጣት ነኝ፣ «እንዴት ነበር አዴ ኬሪያ?» አልኳት። «ረዘመ» አለችኝ።

የጣቢያው ዕቅድ ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ከዚያ እንደገና ባሕር ዛፍ። ከአንድ ጥግ ግን ስምንት መደብ ዝግባ አገኘሁ፤ ከኔ በፊት የነበረው ኃላፊ ፈቅዶላት እሷ ያፈላችው። ዝግባ ለመብቀልም ለማደግም አይቸኩልም፤ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው አይወደውም። ለምን እንደተፈላ ስጠይቅ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

ከአሰበ ተፈሪ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ቡርቃ የምትባል የትውልድ ቀበሌዋ አለች። ከቀበሌዋ በላይ ያለው ጋራ ድሮ ዝግባ ብቻ ነበር፤ ተቆርጦ አለቀ። ጋራው ሲራቆት ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ ቀጠነ፤ በድርቁ ጊዜ ጭራሽ ጠፋና ሰው ለውሃ ግማሽ ቀን መሄድ ጀመረ። አዴ ኬሪያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ «ጋራውን ስጡኝ። ፍየል አታስገቡ። ቢርቢርሳ እመልስበታለሁ» አለች። ቢርቢርሳ ማለት ዝግባ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኢብሮ፣ ቀጭን ቀልደኛ ሰው ነው፣ «ካልያዘስ?» አላት።

«ካልያዘ ኬሪያ ውሸታም ናት በሉ። ጋራውንም አርሳችሁ ጫት ትከሉበት።»

ሌላ ሰው እንዲህ ቢል ወሬ ነው። እሷ ግን ያላትን ነገር ሁሉ፣ ቃሏን፣ አስይዛ ነበር።

እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ወር አንዱን የዝግባ ችግኝ ነቅዬ ሥሩን ሳየው ደነገጥኩ። ሥሩ ላይ ጥቃቅን እብጠት እንደ ዶቃ ተሰካክቷል። ኮሌጅ ሳለን ትል የገባበት የቲማቲም ሥር ፎቶግራፍ አሳይተውን ነበር፤ ቁርጥ እሱን መሰለኝ። አፈሩ ውስጥ ደግሞ ነጫጭ ክር የመሰለ ሻጋታ ተሸምኖበታል። ጠራኋት።

«ይህን አፈር ከየት አመጣሽው?»

«ከመቃብር።»

እንዲህ ነው የምትመልሰው። ከቡርቃ በላይ የአንድ ሼኽ መቃብር አለ። እዚያ ማንም ምሳር ስለማያነሳ አንድ ትልቅ፣ ያረጀ ዝግባ ቀርቷል። ከሱ ሥር አፈር በጨርቅ ቋጥራ ታመጣና ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ አንድ እፍኝ ታደርግለታለች።

«እርሾ ነው» አለችኝ። «ሊጥ ያለ እርሾ ምን ይሆናል? ዶቃውን አትፍራ፤ ቢርቢርሳ ጤነኛ ሲሆን ዶቃ ያስራል። ዛፍ ብቻውን አይበላም።»

ሳቅኩ። የቀን ሠራተኛ ለኔ የሥር በሽታ ልታስረዳኝ። ስምንቱም መደብ ተነቅሎ ይቃጠል አልኩ።

«እኔ አላቃጥልም» አለች። «አንተ አቃጥል።»

አቃጠልኩ። በገዛ እጄ፣ ናፍጣ አርከፍክፌ። ችግኝ እርጥብ ነው፤ እሺ ብሎ አልነደደም፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ሲጨስ ዋለ። አዴ ኬሪያ የእጇን ጀርባ ጠብ ጠብ እያደረገች እስከ መጨረሻው ቆማ አየችው። ከዚያ የውሃ ማጠጫዋን አንስታ ባሕር ዛፉን ልታጠጣ ሄደች።

እነዚያ ችግኞች በዚያው ክረምት ቡርቃ ጋራ ላይ የሚተከሉ ነበሩ። በማግሥቱ በእግሯ ሄዳ ለሽማግሌዎቹ ነገረቻቸው። ምን እንዳለች ኋላ ያወራኝ ኢብሮ ነው፤ «ችግኙን ዲፕሎማ አቃጠለው። ላስቆመው አልቻልኩም። አንድ ዓመት ጨምሩልኝ» አለች። «ምስጥ በላው ብትለን ይሻል ነበር» አለኝ ኢብሮ። «በምስጥ ሰው አይናደድም።» ተጨቃጭቀው አንድ ዓመት ጨመሩላት። ሁለተኛ እንደማይጨምሩም ነገሯት።

የቀራት አሸዋ መደብ ላይ ገና ብቅ ብቅ የሚል ዝግባ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ከበሽታ አድነዋለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። በርሜል ለሁለት አሰነጠቅኩ፣ ከሥሩ እሳት አስነደድኩ፣ አፈር በወንፊት አስነፋሁና በአካፋ እያማሰልን ቆላነው። የገበያ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየናል። ጋሽ ዘለቀ ከዘበኛ ቤታቸው ሆነው፣ ወደኔ ሳያዩ፣ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና ይሉታል። አፈር የቆላው የሚለው ስም ያን ሳምንት ወጣልኝ። የተቆላው አፈር ሲበርድ ጥርት ያለ፣ አንድ ሻጋታ የሌለበት ሆነ። አዴ ኬሪያ ቆንጠር አድርጋ አሸተተችው።

«ሞቷል» አለች።

ዝግባውን የተቆላው አፈር ወዳለበት ፕላስቲክ ከረጢት አዛወርነው፤ ሁለት ወር ያህል ቆንጆ ነበር። ለሚመጣው ሁሉ እያዞርኩ አሳየሁ። ከዚያ ቆመ። ጣት አክሎ ቀረ፤ ቅጠሉ ወይን ጠጅ እየሆነ ሄደ። ማዳበሪያ ሰጠሁት፣ ጥላ ጨመርኩ፣ ጥላ ቀነስኩ፣ ውሃ አበዛሁ። ከመጽሐፍ የማውቀው ሁሉ አለቀብኝ። ሰው ላይ መጮህ ጀመርኩ። በልግ አለፈ፣ ክረምት ገባ፣ ዝግባው ተኮራምቶ እንዳለ ነው። ጊዜው ግን እየሄደ ነው፤ ቡርቃ ላይ ፍየሎቹ ከጋራው ታግደው ሰው ያጉረመርማል።

አንድ ጠዋት ቢሮ ገባች። «አንድ መደብ ስጠኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊበት?»

«እርሾ ላደርግበት።»

እንቢ የማለት ድፍረት አልነበረኝም፤ እሺ የማለትም። አጥሩ ሥር ያለውን፣ ከሌላው የራቀውን መደብ ሰጠኋት፤ በሽታዋ እንዳይሻገርብኝ። አፈሩ የሚመጣበትንም ቦታ በዓይኔ ልይ ብዬ አብሬያት ወጣሁ።

ከመኪና መንገዱ ሁለት ሰዓት ዳገት ነው። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እሄዳለሁ፤ እሷ ጀርባዋ ላይ አንድ ቋጠሮ አዝላለች። መሃል መንገድ ላይ ነው ቋጠሮው አፈር መሆኑን ያየሁት። አፈር ልታመጣ እየሄደች አፈር ተሸክማ ትወጣለች። ጋሽ ዘለቀ ይህን ቢያዩ ስንት ተረት ያወጡ ነበር አልኩ በልቤ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ጠባቂው ሽማግሌ ሰላምታውን ሳይጨርሱ «አምጥተሻል?» አሏት። ቋጠሮውን ፈታች። ለካስ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ከዚያ ግቢ የወጣ አፈር በልኩ መመለስ አለበት፣ የዛፉ ሥር ራቁቱን መቅረት የለበትም። ስለዚህ ስትወጣም ተሸክማ ናት፣ ስትወርድም ተሸክማ።

ዝግባው አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይከበውም። ከሥሩ ተንበረከከችና የወደቀውን ቅጠል በጣቷ ገለጥ አደረገች። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ዝናብ እንደመታው እንጉዳይ ይሸታል። ነጩ ክር እዚህም አለ፤ ከሥሩ ተነስቶ ወደ አፈሩ ተበትኗል፣ ከፀጉር የቀጠነ።

«ሥሩ የማይደርስበት ይሄ ይደርሳል» አለች። «ውሃ ይለቅማል፣ የአፈር ምግብ ይለቅማል። ዛፉም ያበላዋል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አባቴ የዚህ ቦታ ጠባቂ ነበር። ከዚህ የበቀለውን ትንሽ ቢርቢርሳ ነቅለን ቤታችን ስንተክለው ይሞታል። ከነአፈሩ ስንወስደው አይሞትም። ይሄን ለማወቅ ዲፕሎማ ይፈልጋል?»

ስንወርድ ቋጠሮው ከወጣንበት የበለጠ ከባድ ነበር፤ እርጥብ ነው። ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። «ከበደሽ እንዴ?» አልኳት።

«ከብዷል» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ ምንም አይል» ይለኝና እገላገል ነበር። እሷ ከብዷል አለች። ሰማሁ። እጄን ግን ከኪሴ አላወጣሁም፤ አለቃ ነኝ፣ አለቃ በሰው ፊት አፈር ተሸክሞ አይሄድም። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ከኋላዋ ሄድኩ።

መስከረም ሲጠባ የሷ መደብ የኔዎቹን እጥፍ አክሎ አረንጓዴ ሆነ። አንዱን ነቅዬ አየሁት፤ ዶቃውን አስሯል። ከኔዎቹ አንዱን ነቀልኩ፤ ሥሩ ቀጭን፣ ባዶ ነው። ጋሽ ዘለቀ ከበሩ ያዩኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረት አላሉም። ስምንት መደብ ጤነኛ ችግኝ በናፍጣ ማቃጠሌ ያን ጠዋት ነው በደንብ የገባኝ።

«አዴ ኬሪያ፣ ሁሉም ላይ አድርጊው» አልኳት።

«ሀዬ» አለች። ጨርቋን አንስታ ወጣች። እኔም ይቅርታ አላልኩም።

እስከ ጥር ድረስ የቡርቃ ሴቶች እየተፈራረቁ አፈር አመላለሱ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ተሸክመው። የተኮራመተው ዝግባ ቀስ በቀስ ቀና አለ። በሚቀጥለው ሐምሌ ቀበሌው በሙሉ ጋራው ላይ ወጣ። ዝናብ ይወርዳል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ከችግኙ በፊት አንድ እፍኝ እርሾ ጉድጓዱ ውስጥ ይጥላል። አዴ ኬሪያ በየመሃሉ እየዞረች የሰውን እጅ ታሸትታለች፤ እርሾ ሳያደርግ የተከለውን በጠረኑ ታውቀዋለች። ኢብሮን ራሱን ሁለት ጉድጓድ እንደገና አስቆፈረችው። በጋው ሲመጣ ጠበቅን። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ከላይ እስከ ታች ያዘ። ጫት ይተከል ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

እስካሁን ያወራሁት ሞኝነቴን ነው። ሞኝነት ይነገራል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

በዓመቱ ከክፍለ ሀገር አንድ ጓድ በላንድሮቨር መጣ። ጋራውን ወጣ፣ ከዝግባ ወደ ዝግባ ተዘዋወረ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «ዝግባ ጋራ ላይ አይይዝም ሲሉን ነበር» አለ። «የማን ሥራ ነው?» ኢብሮ አለ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ አዴ ኬሪያ መቆፈሪያዋን ይዛ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«የጣቢያችን ሥራ ነው ጓድ» አልኩ።

ሰውዬው ደስ ብሎታል፤ ፈገግ ብሎ ወደሷ ዞረ። «እማማ፣ አለቃሽ ምን ምን አደረገ? እስቲ ንገሪኝ።»

እሷ እንደሆነች አትዋሽም።

«አፈር ቆላ» አለች።

ኢብሮ ሳል ይዞት ፊቱን አዞረ። ሰውዬው ግን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። «አፈርን በሙቀት ማከም» አለ እየጻፈ፤ «በጣም ጥሩ።» ከኔ የሚጠበቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «አይደለም ጓድ፣ የቆላነው ሊገድለው ነበር፣ ያዳነችው እሷ ናት።» አንድ ትንፋሽ የማይጨርስ ነገር። ዋጥኩት።

ከሁለት ወር በኋላ የምስጋና ደብዳቤ በስሜ መጣ፤ አፈርን በሙቀት በማከም ዝግባን ያስገኘ ወጣት ባለሙያ ይላል። ከሱ ጋር የከፍተኛ ሥልጠና ዕድል ተሰጠኝ። ለሌሎች ጣቢያዎችም አፈር ቁሉ የሚል ሰርኩላር ወጣ፤ ደግነቱ ማንም አላነበበውም። አዴ ኬሪያ ማንበብ ስለማትችል «ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት፣ ቃል በቃል። ስሟ እንደሌለበት ሰማች። ስድብ ጠበቅኩ፤ ቢያንስ የእጇን ጀርባ ትመታለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ቢርቢርሳው አለበት?» አለች።

«አለበት። ዝግባ ይላል።»

«ሀዬ። በቃ» ብላ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ሥልጠናው ላይ አንድ መምህር የታጠበ የዛፍ ሥር በሰማያዊ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ አሳየን። ሥሩ ውስጥ ሌላ ትንሽ ዛፍ የመሰለ ነገር ቅርንጫፉን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከሱም ክር ወደ ውጭ ይወጣል። ፈንገስ ነው አለን መምህሩ። ፈንገሱ ከሩቅ ውሃና ማዕድን ለቅሞ ለዛፉ ያመጣል፤ ዛፉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይመግበዋል፤ ብዙ የአገራችን ዛፎች ያለሱ አይሆንላቸውም፤ ዝግባ ሥሩ ላይ ያለውንም እብጠት በሽታ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ የፈንገሱ ቤት ነው አለ። ክፍሉ ማስታወሻ ይጽፋል። እኔ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ፤ ሌሎች ተራ እየጠበቁ ነበር። ዛፍ ብቻውን አይበላም።

ሄጄ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ሥራ ተቀየረ፣ ልጆች መጡ። ሰው ላለመሄድ ሰበብ አያጣም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጎረምሳው በአይሱዙ እስኪመጣ ድረስ ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን ተሳፈርኩ። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋው ዞረ። ጭሮ አደግ ብላለች፤ ጣቢያው የነበረበት ቦታ ቤት ሆኗል። የቡርቃን ጋራ ግን ከአስፋልቱ ላይ ነው ያየሁት። በዝግባ ጠቁሯል። ሚኒባሱን አስቁሜ ወረድኩና መንገድ ዳር ቆሜ አየሁት። ከሥሩ ሴቶች ጄሪካን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ምንጩ ይወርዳል። አዴ ኬሪያ ውሸታም አይደለችም።

ለቅሶ ቤቱ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ተቀምጧል። ኢብሮ አለ፤ አርጅቷል፣ ዓይኑ ጠፍቷል። «አፈር የቆላው መጣ» ሲሉት ሳቀና እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ። እኔ ግን መንገድ ሙሉ ያሰብኩትን ሳልናገር አላርፍም ብዬ ተነሳሁ። ያ ደብዳቤ የሷ ነበር አልኩ፤ ስሟን ማንሳት ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ ሳልመጣም ሞተችብኝ፤ እናንተ ፊት ልናገረው ነው የመጣሁት አልኩ።

«የምን ደብዳቤ?» አለ ኢብሮ።

ማንም አያውቅም። ዕድሜ ልኬን ያንገበገበኝን ወረቀት እሷ ለአንድ ሰው አልነገረችም።

ልጇ ሰኢዳ ከሴቶቹ በኩል ተነስታ መጣች። ቁመቷ፣ አረማመዷ የእናቷ ነው። «እኛ የምናውቀው ሌላ ነው» አለችኝ። «በየዓመቱ ክረምት ልንተክል ስንወጣ እማዬ ለልጆቹ ያንተን ታወራለች። ችግኙን እንዳቃጠልክ፣ አፈሩን በበርሜል እንደቆላህ። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። ከዚያ ‹ቆይ፣ ገና ነው› ትላቸዋለች። ‹ሲገባው ጫማውን አውልቆ እርሾውን ከሼኹ መቃብር በገዛ ጀርባው ተሸክሞ አወረደ። ሦስት ጊዜ። ያልገባው ሰው አያሳፍርም፤ ገብቶት የማይሸከም ነው የሚያሳፍረው› ትላለች። አንተ ሦስቴ ስለተሸከምክ ነው እኛም ሦስት ሦስት ጊዜ የምንሸከመው።»

ሰው ሁሉ በአክብሮት ያየኛል። እኔ ወደ ኢብሮ ዞርኩ። ኢብሮ አፈሩ ሲመላለስ ሁሉ አብሮ ነበር፤ አንዲት ቁንጣሪ አፈር እንዳልተሸከምኩ ያውቃል። የማያይ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጥሎ ጢሙን እየደባበሰ፣

«ኬሪያ ዋሽታ አታውቅም» አለ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሰኢዳን ጨርቅ ስጪኝ አልኳት። እሷ ዛሬ ከምንጩ አጠገብ የራሷ የዝግባ መደብ አላት። ጫማዬን አውልቄ እበሯ ላይ ተውኩ። ከጋራው አፈር ቋጥሬ ወጣሁ፤ አሮጌው ዝግባ አሁንም ቆሟል፣ የአዴ ኬሪያ አዲስ መቃብር ከሱ ብዙም አይርቅም። ያመጣሁትን አፍስሼ ከሥሩ በልኩ ዘገንኩ። ቢስሚላሂ ማለት የኔ ወግ አይደለም፤ ግን አልኩት። ስወርድ እርጥቡ አፈር ጀርባዬን አበሰበሰው፣ አራት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ። መደቡ ጋ ስደርስ ሰኢዳ ሮጣ መጥታ ቋጠሮውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች።

«ከበደህ እንዴ?» አለችኝ።

«ከብዷል» አልኳት። «ተይኝ፤ ገና ሁለት ይቀረኛል።»